ሴንት ሞሪትዝ፦ ክረምቷን ሀብት ያደረገች ከተማ፣ ስኪ ለማይንሸራተት እንግዳም

በኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ዝናብ፣ ጭቃና የእርሻ ሥራ ይታሰባል። በአውሮፓ ግን ክረምት የበረዶ ወቅት ነው። የሚገባውም ከኅዳር ማብቂያ እስከ የካቲት፣ የኢትዮጵያ ገበሬ አዝመራውን ሰብስቦ በሚወቃበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት በርካታ ሀብታም ተጓዦች ወደ አልፕስ ተራሮች ያቀናሉ። ብዙዎቹ ስኪ የተባለውን የበረዶ ሸርተቴ ፈልገው ቢሄዱም፣ ስኪ ተጫምተው የማያውቁ እንግዶችም ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ እንግዶች ከሚመረጡት ቦታዎች አንዷ የስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ ናት።

ሴንት ሞሪትዝ በደቡብ ምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በኢንጋዲን ሸለቆ የምትገኝ የ5 ሺህ ሰዎች ገደማ መኖሪያ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐይቅ ዳር ተቆርቁራለች። ከፍታዋ ከባሕር ዳር ከተማ ጋር የሚቀራረብ ነው። ይሁን እንጂ ከምድር ወገብ እጅግ ርቃ ስለምትገኝ፣ በጣና ላይ ታንኳ በሚቀዘፍበት ወር የእርሷ ሐይቅ ፈረስ እስኪጋልብበት ድረስ ይጠጥራል።

የሸለቆው ታሪክ

ሸለቆው ከጥንት ጀምሮ ባለጸጋ አልነበረም። መሬቱ ለእርሻ ስለማይበቃ ብዙ ወጣቶች ወደ ቬኒስና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰደው በኬክ ጋጋሪነት ይተዳደሩ ነበር። የአካባቢው መታወቂያ የሆነው የለውዝና የተቃጠለ ስኳር ኬክም ከእነዚሁ ስደተኞች ሙያ ጋር ይያያዛል። እንግዶችን ቀድሞ የሳበው ማዕድን ያዘለው የምንጭ ውኃ ሲሆን፣ ምንጩ ከ3 ሺህ ዓመታት በላይ አገልግሎት ሰጥቷል። እንግዳ ግን ይመጣ የነበረው በበጋ ብቻ ነው፤ ክረምቱ የሥራ ፈት ጊዜ ነበር።

ለውጡ የመጣው እ.አ.አ በ1864 እንደሆነ ይነገራል። የሆቴል ባለቤቱ ዮሐንስ ባድሩት በበጋው ማብቂያ ሊሄዱ ለተነሡ እንግሊዛውያን እንግዶቹ፣ በክረምትም ፀሐዩ ብሩህ መሆኑን ነገራቸው። መጥተው ካልወደዱት የጉዞ ወጪያቸውን ሊከፍል፣ ከወደዱት ደግሞ የፈለጉትን ያህል በእንግድነት ሊያኖራቸው ተወራረደ። እንግዶቹም በገና መጥተው እስከ ፋሲካ ቆዩ። ስኪ በአካባቢው ከመስፋፋቱ በፊት የክረምት ቱሪዝም የተጀመረው እንዲህ ነው። ባድሩት በ1878 በሆቴሉ የመመገቢያ አዳራሽ የኤሌክትሪክ መብራት አበራ፤ ይህም በስዊዘርላንድ የመጀመሪያው ነበር። ከተማዋ በ1928 እና በ1948 የክረምት ኦሊምፒክን አስተናግዳለች።

ያለ ስኪ የሚደረጉ ነገሮች

ቀዳሚው የእግር ጉዞ ነው። በረዶው እየተጠቀጠቀ የሚዘጋጁ መንገዶች በሐይቆቹ ዳርና በጫካው ውስጥ ይዘልቃሉ። መውጣት ለሚከብደው በ1907 የተመረቀ በብረት ገመድ የሚጎተት ባቡር አለ፤ እንግዳውን 2 ሺህ 456 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ሙኦታስ ሙራይል ያደርሰዋል። ከዚያ የሸለቆው ሐይቆች ተሰልፈው ይታያሉ። በአቅራቢያዋ ፖንትሬዚና ደግሞ ፈረስ በሚጎትተው ተንሸራታች ጋሪ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወደ ሮዜግ ሸለቆ መጓዝ የተለመደ ነው።

በ1907 የተጀመረው የፈረስ እሽቅድምድም በፈረንጆቹ የካቲት፣ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ይካሄዳል። በአንደኛው የውድድር ዓይነት ፈረሱ ጋላቢ ሳይቀመጥበት በስኪ የቆመ ተወዳዳሪ ይጎትታል፤ ተመልካቹ ግን ካፖርቱን ለብሶ ዳር ከመቆም ሌላ አይጠበቅበትም። ከቤት ውጭ መሆን ያላማረው በትልልቆቹ ሆቴሎች የሞቀ ገንዳ፣ መታሻና እንፋሎት ቀኑን ያሳልፋል።

የባቡር ጉዞው ራሱ መስህብ ነው። ግላሲየር ኤክስፕረስ ከዜርማት ሴንት ሞሪትዝ ለመድረስ 8 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ 291 ድልድዮችንና 91 ዋሻዎችን ያልፋል። ከሴንት ሞሪትዝ በ2 ሺህ 253 ሜትር ከፍታ ተሻግሮ ወደ ጣሊያኗ ቲራኖ የሚወርደው የበርኒና መሥመር ከአልቡላ መሥመር ጋር በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለተጓዥ

ወደ ከተማዋ ከዙሪክ በኩር ከተማ በኩል በባቡር መድረስ ይቻላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተጓዥ የሸንገን ቪዛና ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ያስፈልገዋል። መገበያያው ዩሮ ሳይሆን የስዊዝ ፍራንክ ነው፤ ዋጋውም ከአውሮፓ ውድ ከሚባሉት ይመደባል። ውኃ የማያስገባና የማያንሸራትት ጫማ፣ ተደራራቢ ልብስና የፀሐይ መነጽር አስፈላጊ ናቸው፤ የበረዶው ነጸብራቅ ዓይን ይጎዳልና።

የሚሳሳው በረዶ

የአልፕስ ተራሮች ከዓለም አማካይ በፈጠነ ሁኔታ እየሞቁ ነው። የስዊዘርላንድ የበረዶ ግግሮች በ2022 እና በ2023 ብቻ ከመጠናቸው 10 በመቶውን አጥተዋል። በፖንትሬዚና አጠገብ ወዳለው የሞርቴራች ግግር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ግግሩ በየዘመኑ የደረሰበትን የሚያሳዩ ምልክቶች ቆመዋል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግግሩ ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ሸሽቷል። የሐይቁ በረዶ በበቂ ሁኔታ ካልጠጠረም እሽቅድምድሙ አይካሄድም።

ስለዚህ ስኪ የማይንሸራተተው እንግዳ ለሸለቆው ነዋሪ ተጨማሪ ገቢ ብቻ አይደለም። የእግር መንገዱ፣ ባቡሩና የምንጩ ውኃ በረዶው በሳሳ ዓመትም እንግዳ ይቀበላሉ፤ የሆቴሉ ሠራተኛ፣ የፈረስ ጋሪው ባለቤትና ኬክ ጋጋሪው ከሥራቸው የማይለዩትም በእነዚህ ነው።