የሰርዶና የእንግጫ ነገር በደብረ ታቦር ደጋ

የደብረ ታቦር ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሣው የመሳፍንቱና የነገሥታቱ ታሪክ ነው። ራስ ጉግሣ መናገሻቸው እንዳደረጉት፥ በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ በዚያ እንደ ተዋጉ፥ ዓፄ ቴዎድሮስም በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እንዳሠሩ ብዙዎች ጽፈዋል። ይህን ሁሉ ሠራዊት ሲቀልብ የኖረው ግን ገበሬው ነው፤ ገበሬውም በየዓመቱ ያለ ነጋሪት የሚገጥመው የራሱ ባላጋራ ነበረው። ይኸውም በእርሻውና በጓሮው መሬት ለመሬት እየተሳበ አትክልቱን የሚያንቅ አረም ሲሆን፥ ከወገኑ ሁሉ የከፉት ሰርዶና እንግጫ ናቸው። እነዚህን አረሞች ለመንቀል የተደከመውን ድካም የተመለከተ ሰው የአገሩን የእርሻ መሣሪያ፥ የወንድንና የሴትን የሥራ ክፍፍል፥ የርስትን ወሰንና የክፉ ቀንን ታሪክ አብሮ ያገኛል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቀመጠ ነው። በስተደቡብ ምሥራቁ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጉና ተራራ ይገኛል፤ ከዚያ ወገን የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞችም የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ገበሬው በሜዳና በዳገቱ ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና ጤፍ ሲዘራ፥ ከቤቱ አጠገብ ባለው ጓሮ ደግሞ ጐመን፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ዱባና ድንች ይተክላል። ጓሮው የቤት አመድና የከብት አዛባ ስለሚጣልበት አፈሩ ወፍራም ነው። ዳሩ ግን ለጐመን የተመቸ አፈር ለአረምም የተመቸ ነውና፥ ተሳቢው አረም ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በዚሁ በጓሮ ነው።

አረም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሙጃና ሲናር፥ እንክርዳድም ከዘር በቅለው ዘር ጥለው በዓመታቸው የሚደርቁ ናቸው፤ ፍሬ ሳይዙ የተነቀሉ እንደ ሆነ ነገራቸው ያበቃል። ሰርዶ ግን እንዲህ አይደለም። ግንዱ በምድር ላይ ይሳባል፤ ከምድር በታችም ሥር የሚመስል ነጭ ግንድ ይዘረጋል። ይህ ግንድ በየአንጓው ቡቃያ ስላለው ከተቈረጠ በኋላ እያንዳንዱ ቍራጭ ራሱን የቻለ ሰርዶ ሆኖ ይነሣል። እንግጫ ደግሞ ከሣር ይልቅ የቄጠማ ወገን ነው። በሥሩ ላይ እንደ ሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ድብልብል ነገሮች ይቋጥራል፤ ቅጠሉን ይዘው ቢስቡት ሥሩ ተበጥሶ ድብልብሉ በአፈር ውስጥ ይቀራልና ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ ገና ይበቅላል። የእነዚህ አረሞች ክፋት በዚህ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። የዓለምን አረሞች የመረመሩ ጠበብት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ዝርዝር የእንግጫን ወገን የመጀመሪያውን፥ ሰርዶን የሁለተኛውን ደረጃ ሰጥተዋቸዋል።

የደጋው ገበሬ ዋና መሣሪያ በበሬ የሚሳብ ማረሻ ነው። ይህ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገለብጠውም። ስለዚህ ሰርዶ ያለበት መሬት በዝናም ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የታረሰ እንደ ሆነ ማረሻው የአረም ጠላት መሆኑ ቀርቶ ዘሪ ይሆናል፤ አንዱን ግንድ መቶ አድርጎ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይበትነዋልና። ገበሬው ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ መሬቱን ገምሶ አይተወውም፤ ይከልሳል፥ ይሠልሳል፥ እንደ መሬቱም ጠባይ ከዚያ በላይ ይደግማል። ፈረንጆች ይህን የእርሻ ድግግሞሽ አይተው የማረሻውን ደካማነት ብቻ እንደሚያመለክት አድርገው የቈጠሩበት ጊዜ ነበረ። ነገር ግን የድግግሞሹ አንዱ ምክንያት የአረሙን ሥር ወደ ላይ እያወጡ ለፀሐይ መስጠት ነው። በበጋ ጸሐይ የዋለ ሰርዶ ይደርቃል፤ በሐምሌ ዝናም ላይ የወደቀ ሰርዶ ግን ሥር ይሰዳል። እንግዲህ የዚህ ሥራ ጥበብ ከጉልበት ይልቅ በጊዜ ምርጫ ላይ የቆመ ነው።

ጓሮ ግን ጠባብና በአጥር የተከበበ በመሆኑ በሬ አይዞርበትም። በዚያ ያለው መሣሪያ ዶማ፥ መቆፈሪያና የሰው እጅ ነው። በማረሻ ማረስ የወንድ ሥራ ሲሆን፥ ጓሮውን መጠበቅና ማረም በአብዛኛው በሴትና በልጆች ላይ የወደቀ ነው። ሥራውም በሁለት ይከፈላል። በበጋ መሬቱ በጥልቀት ተቈፍሮ፥ ጓሉ በዶማ ጀርባ ተመትቶ፥ ነጩ ሥር እየተለቀመ ይወጣል፤ ይህም ልቅሞሽ ሲደርቅ ይቃጠላል። ወደ አዛባው ክምር የተጣለ እንደ ሆነ ከአዛባው ጋር ተመልሶ ወደ ጓሮው ይገባልና ጥንቃቄ ያሻዋል። በክረምት ደግሞ አትክልቱ ይኰተኰታል፤ ብቅ ያለውም ቡቃያ ሥሩ አቅም ሳያገኝ ደጋግሞ ይነቀላል። ሰፊው ማሳ በሚታረምበት ወራት ጐረቤት በደቦና በወንፈል ይረዳዳል፤ ለጓሮ ግን ደቦ የሚጠራ ጥቂት ነው። ስለዚህ የጓሮ አረም የአንዲት እናት የዘወትር ድካም ሆኖ ቈይቷል። ይህም ሥራ በግብር መዝገብም ሆነ በዜና መዋዕል ስላልተጻፈ፥ የአገሩ የእርሻ ታሪክ ያለ እርሱ ሲነገር ኖሯል።

የአረሙን ኃይል ከሁሉ ይልቅ የሚገልጠው የሰው እጅ ከመሬት የተነሣበት ዘመን ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ ሠራዊቱና ሠራተኛው ሁሉ አብሮ ተነሥቷል። የተተወ ጓሮ በአንድ ሁለት ክረምት ሰርዶ ይለብሳል፤ ተመልሶ የመጣ ሰውም እንደ ጠፍ መሬት አድርጎ እንደ ገና ሊያቀናው ይገደዳል። ከዚያም ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ በመጣ ጊዜ የከብት በሽታው የአገሪቱን በሬዎች ፈጃቸው። በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱን ደጋግሞ ማረስ አልቻለም፤ በሽዋ ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ በታሪካቸው ተጽፏል። ይህ ነገር የሚያስተምረው ማረሻው በቆመበት ዘመን ሰውን ከጠፍ መሬትና ከአረም ጋር ያጋጠመው የዶማው ሥራ መሆኑን ነው።

የድንች መምጣት በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገሪቱ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1878 በዓድዋ እስኪሞት ድረስ ከዚያው ኖሯል። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጋፋትና በደብረ ታቦር አካባቢ ዕፀዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮጳ ሲልክ፥ ከላካቸው መካከል ገበሬው የሚጠላቸው የሣር ዓይነቶች ይገኙ ነበር። ዛሬ ዲጂታሪያ አቢሲኒካ እየተባለ በሐበሻ ስም የሚጠራውና በኬንያና በኡጋንዳ ሳይቀር እርሻ የሚያበላሸው፥ ሰርዶን የሚመስል ተሳቢ ሣር በሳይንስ መጽሐፍ የገባው በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ነው። እንግዲህ የአገሩን ሣር ለአውሮጳ ሊቃውንት ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ፥ ሣሩን በጓሮ ለማዳከም የሚረዳውን ተክል አመጣ የሚባለው ሰው ራሱ ነው።

ድንች በአረም ላይ የሚረዳበት ምክንያት ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ ድንች የሚተከለው በጥልቀት በተቈፈረ መሬት ላይ ነው። ሁለተኛ፥ በእድገቱ ጊዜ አፈር ሊታቀፍለት ስለሚገባ በግድ ይኰተኰታል፤ ቅጠሉም ሲሰፋ ሰርዶ የሚጠላውን ጥላ ያጠላል። ሦስተኛ፥ ሲነቀል አፈሩ ሁሉ ዳግመኛ ተገልብጦ የአረሙ ሥር ከድንቹ ጋር ይወጣል። ስለዚህ በጉና ግርጌና በፋርጣ ምድር ድንች ከተስፋፋ ወዲህ ምግብ የሚፈልግ እጅ ሳይታወቀው አረም ነቃይ ሆኗል። ዳሩ ግን ሥሩ ካልተለቀመ ይህ ሁሉ ቍፋሮ ሰርዶን ከማባዛት በቀር ጥቅም የለውም።

የሆነ ሆኖ ገበሬው ሰርዶን ከምድረ ገጽ ሊያጠፋው የፈለገበት ጊዜ የለም። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለው ተረት ሰርዶ የከብት ምግብ መሆኑን የሚያስታውስ ነው። በጓሮ የተረገመው ሣር በመስኩ ላይ የተወደደ ነው፤ በዳገት ላይ አፈርን ይዞ ከጐርፍ ያድናል። በማሳና በማሳ መካከል ያለው ያልታረሰ ድንበርም ሣር ለብሶ ሲታይ የወሰን ምስክር ነው። ድንበሩን በማረም ሰበብ ወደ ጐረቤት መሬት አንድ ፈር የገፋ ሰው ጠብ ያነሣል፤ ድንበሩን ሳያርም የተወ ደግሞ ሰርዶው ወደ ማሳው ሲገባበት ያያል። እንግጫም እንዲሁ ነው። ከዓባይ ማዶ በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ፤ እየዘፈኑም ይጐነጕኑታል። በጓሮ የሚጠላው አረም በበዓል ቀን ጌጥ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በሕዝቡ ዘንድ ያለው አሳብ አረምን ከስፍራው ማስወጣት ሳይሆን በስፍራው መወሰን ነው።

በኋለኛው ዘመን ሦስት ነገሮች ይህን ሚዛን ለውጠውታል። የመጀመሪያው የመሬት ነገር ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ፥ በ1989 ዓ.ም.ም በአማራ ክልል እንደ ገና ከተከፋፈለ በኋላ ማሳው እየጠበበ ድንበሩ በዝቷል። ድንበር በበዛበትም ሰርዶ የሚነሣበት ጠርዝ ይበዛል። ሁለተኛው መስኖ ነው። ከርብና ከጉማራ በሚጠለፈው ውሃ በበጋ ሽንኩርትና ሌላ አትክልት ማምረት ለገበሬው ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል፤ ነገር ግን ቀድሞ በፀሐይ የሚደርቀው ሥር ዛሬ በበጋም ውሃ ያገኛል። ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ቱ ፎር ዲ የሚባለው መድኃኒት ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል እንጂ ሰርዶን አይነካም፤ በጓሮ ላይ ቢረጭም ጐመኑንና ድንቹን ያጠፋል። ግላይፎሴት የተባለው ደግሞ ሰርዶን እስከ ሥሩ ቢያደርቅም አትክልቱንም አይምርም፤ ስለዚህ ተክል ከመተከሉ በፊት ካልሆነ በቀር በጓሮ አይረባም።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው የቀድሞው ጥበብ ገና ያላረጀ መሆኑን ነው። መስኖ የገባበት መሬት በየጥቂት ዓመቱ አንድ በጋ ውሃ ተከልክሎ፥ ታርሶና ተቈፍሮ ለፀሐይ ቢሰጥ፥ ሥሩም በእጅ ተለቅሞ ቢቃጠል፥ ከዚያም ጥላ የሚያጠላ ተክል ቢተከልበት የሰርዶ ኃይል ይደክማል። ጥያቄው ይህን የሚያውቅ ሰው መኖሩ አይደለም፤ የአንድ በጋ ምርት አጥቶ መታገሥ የሚችል ቤተሰብ መኖሩ ነው። መሬቱ የጠበበበት ገበሬ መሬት አያሳርፍም፤ የማያሳርፍ ደግሞ ድካሙን በክረምትና በበጋ በጓሮ ጐንበስ ብላ በምትውለው ሴት ላይ ይጨምራል። የደብረ ታቦር ደጋ የእርሻ ታሪክ ሙሉ የሚሆነው የጦር አለቆቹ ስም ከተጻፈበት አጠገብ ይህ ድካም ሲጻፍ ነው።