ብርሌና ጽዋ፦ የላስታ ጠጅ ጣዕም ታሪክ

ላሊበላ ከተማ ጠጅ ቤት ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ አጭር ነው፤ «ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» ለስላሳው ብዙ ያልፈላ፣ ማርነቱ ምላስ ላይ የሚቆይ ነው። ደረቁ ጣፋጭነቱ አልቆ የጌሾው ምሬት ጎልቶ የወጣ፣ ሲጠጡት ሳይሆን ሲነሡ የሚታወቅ ነው። ስሙ ከአንዱ የጎብኚ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረው ቶርፒዶ ጠጅ ቤት እንግዳውን የሚያስተናግደው በዚሁ ደረጃ ነው። ደረጃው ለእንግዳ ምቹ ነው። የሚለካው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠጁ ምን ያህል እንደፈላ። ማሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደጣለው፣ ጋኑ በምን እንደታጠነ አይናገርም፤ የላስታ ሰው ስለ ጠጅ ሲከራከር የሚከራከረው ደግሞ በእነዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ከንቡ ይጀምራል። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡትና እናቱም ንግሥናውን ከዚያ እንደተረዳች የሚተርከውን ትውፊት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ከከተማዋ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አልፎ ወደ ብልባላ የሚዘልቅ ጎብኚ ግን ብዙ አይደለም። በብልባላ ጊዮርጊስ ንቦቹ የሚኖሩት በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ማራቸውም ለሕመምተኛ እንደ ፈውስ ይሰጣል። እዚያ ማር የሚመዘነው በጣዕም አይደለም።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. ከመልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቷል። ላሊበላን አይቶ የጻፈው ገለጻ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ከመስጋቱ ጋር፣ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ገለጻው ያለበት፣ በ1540 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ የታተመው መጽሐፍ ስለ ማርም ያወራል። የዚህ አገር ገበሬ ቀፎውን ሜዳ ላይ ሳይሆን በሚኖርበት ቤት ውስጥ፣ ከግድግዳው አስጠግቶ እንደሚያኖረው፣ ንቦቹም በተበጀላቸው ቀዳዳ ወጥተው ከመስክ እንደሚመለሱ ይተርካል። ቄሱ ይህን ሲጽፍ መገረሙ አያስደንቅም፤ በደጋው ብርድ ግን ቀፎን ከሰውና ከከብት ሙቀት አጠገብ ማኖር ብልሃት ነው። ዛሬም በሰሜኑ ደጋ ከቤቱ ግድግዳ ወይም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቀፎ ያስቀመጠ ገበሬ አይጠፋም።

የላስታ ማር አንድ ዓይነት ሊሆን የማይችለው ምድሩ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከበታችዋ ምድሩ እየተዘረገፈ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል። ክረምቱ ሲወጣ ደጋው በአደይ አበባ ይሸፈናል፣ ቆላው ደግሞ ግራሩ አለው። ዋናው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ነጩ ማር ለመብል፣ ለመድኃኒትና ለስጦታ ይከበራል። ጠጅ ጣይዋ ግን ነጩን ለማግኘት አትጨነቅም፤ ብዙ ጊዜ የምትፈልገው ቀላ ያለውን፣ ሰሙና እንጀራው ገና ያልተለየውን ድፍድፍ ማር ነው። ዋጋው ረከስ ማለቱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ ከሰሙና ከአበባው ብናኝ ጋር የመጣው ሁሉ ለመፍላቱም ለጠረኑም የራሱ ድርሻ አለው።

አጣጣሉ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውኃ ጋር ይበጠበጣል። ብርዙ በወይራ ጭስ በታጠነ ጋን ውስጥ ተከድኖ ይቆያል፤ የተንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል። ከዚያ ጌሾው ይገባል። እርሾ የሚጨምር የለም፤ መፍላቱ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ጋር ከሚመጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። በሞቃት አገር ሳምንት ሳይሞላ ሊደርስ ይችላል፣ በደጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ሁሉ አውቆ ጥሩ ጠጅ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ጌሾው ከልኩ አልፎ ቢቆይ ምሬቱ ማሩን ይውጠዋል፣ ቀድሞ ቢወጣ ጠጁ አካል ያጣል። ጭሱ ከበዛ የሚቀመሰው ወይራ እንጂ ማር አይሆንም። እነዚህን ውሳኔዎች ሲወስኑ የኖሩት ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው፤ ስማቸው ከሰፈር አልፎ በጽሑፍ የተመዘገበላቸው ግን የሉም ማለት ይቻላል። በፈረንሳዩ የወይን አገር ቦርዶ ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱ ላይ ይጻፍላቸው ነበር።

በቤተ መንግሥት ደግሞ መቅመስ ሹመት ነበር። ጠጅ የንጉሥና የመኳንንት መጠጥ በነበረበት ዘመን አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይጠጣል። ይህን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ደጋግመው ጽፈውታል። ዓላማው ጣዕም መለየት አልነበረም፤ መርዝ አለመኖሩን በራስ ሕይወት ማረጋገጥ ነበር። ሆኖም ዕድሜ ልኩን ከእያንዳንዱ ጋን ቀድሞ የቀመሰ ሰው የጠጅ አዋቂ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሃሪስ፣ ጠጅ መጣል የንጉሡ መብት እንደነበር ዘግቧል። ማርም በየአገሩ ግብር ሆኖ ይገባ ነበር። የቤተ መንግሥት ጠጅ ለላስታም እንግዳ አልነበረም፤ ላስታ የዛግዌ ነገሥታት አገር ናት፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜም ከዚሁ ከላስታና ከዋግ መኳንንት ወገን ናቸው። ተራው ገበሬ በዓሉን የሚያከብረው በጠላ ሲሆን፣ ማሩን ራሱ ቆርጦ ጠጁን ሌላው ሲጠጣ የሚያይበት ጊዜ ረጅም ነበር።

የወይን ፍሬው ታሪክ ከዚህ ይለያል። በደጋው ላስታ ወይን ለመጠጥ ብሎ የመትከል ልማድ ሥር አልሰደደም። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው ይፋግ በወይን ተክሉ ይታወቅ ነበር፤ ያ ግን ከላስታ ሩቅ ነው። ቢሆንም ከወይን ፍሬ የተገኘ መጠጥ ከላሊበላ ቀርቶ አያውቅም፤ ቅዳሴ ያለ እርሱ አይቀደስምና። መንገዱ ዘቢብ ነው። የደረቀው ፍሬ ተዘፍዝፎ፣ ሲያብጥ ይጨመቅና ይጠለላል፤ የሚዘጋጀውም ኅብስቱ በሚጋገርበት ቤተ ልሔም ነው። አልቫሬዝ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ያየው አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ዘቢቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲያብጥ፣ ከዚያ በጨርቅ ሲጨመቅ ጽፏል። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል ራሱ ቤተ ልሔም ተብሎ የሚጠራ አለ። በዚህ ጽዋ ላይ ማንም የጣዕም ፍርድ አይሰጥም። እንዲህ ከሆነ የዓለም የወይን ታሪክ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያን የሚዘሏት ለምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ እነርሱ የሚፈልጉት ጠርሙስና የወይን ማሳ ነው።

ጠርሙሱና ማሳው የመጡት ከደቡብ ነው። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ዕድሜውን ከ1943 እ.ኤ.አ. ይቆጥራል፤ ጉደርና አክሱማይትን የማያውቅ የኢትዮጵያ ሠርግ አዳራሽ የለም። የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው አሸዋማ መሬት፣ ከቦርዶ ያመጣውን ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. ሪፍት ቫሊና አካሲያ የተባሉትን ወይኖቹን ለገበያ አቅርቧል። ላሊበላ ከተማ ሆቴል ውስጥ እራት የታዘዘ እንደሆነ የሚመጣው የወይን ዝርዝር ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አያልፍም። የሪፍት ቫሊ ጠርሙስ የፍሬውን ዝርያ ይናገራል፣ የተመረተበትን ቦታ ይናገራል። ከሆቴሉ ጥቂት ርምጃ ላይ ያለው ጠጅ ቤት የሚቀዳው ጠጅ ግን ከላሊበላ በላይ ካለ ቀበሌ በጥቅምት የተቆረጠ ማር ይሁን፣ ከቆላ የመጣ፣ ወይስ ከስኳር ጋር የተቀላቀለ፣ የሚናገርለት ወረቀት የለውም።

ስኳሩ የዚህ ዘመን ትልቁ ችግር ነው። ማር ሲወደድ ስኳር ተበጥብጦ በጌሾ ይፈላል፣ ቢጫ ቀለም ይጨመርበታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከጠጅ ቤቶች የሰበሰቡትን ናሙና ሲመረምሩ፣ ልዩነቱ በቤትና በቤት መካከል ብቻ ሳይሆን በአንዱ ቤት ውስጥ ራሱ ሰፊ ሆኖ አግኝተውታል። ለተመራማሪው ይህ የጥራት ችግር ነው። ለቀማሹ ግን ግማሹ ችግር ግማሹ ደስታ ነው፤ በእጅ የተጣለ ነገር ሁሌም አንድ ሊሆን አይችልምና። የስኳሩን ጠጅ ልማደኛ ጠጪ በቀላሉ ይለየዋል። ጣፋጭነቱ ፊት ለፊት መጥቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ከኋላው የአበባ ጠረን የለውም፣ በማግስቱም ራስ ምታት ትቶ ያልፋል።

የላሊበላ ጠጅ ቤቶች በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ የለመዱትን ጎብኚ አጡ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ ለወራት በሰሜኑ ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆየች፤ ከዚያም በኋላ ሰላሙ አልጸናም። ጎብኚው ሲጠፋ ሦስቱን ደረጃ የሚጠይቅ ቀረ፣ የገናው ምእመን ግን አልቀረም። በታኅሣሥ ማለቂያ ለገና ላሊበላ የሚገባው ሕዝብ ጾሙን የሚፈታበት ጠጅ በጥቅምትና በኅዳር ከተቆረጠው ማር፣ በታኅሣሥ መባቻ የተጣለ ነው። በዚያ ብርድ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስድበታል። የላስታን ጠጅ ማጣጣም የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰሞን አያገኝም፤ ማሩ የዓመቱ ነው፣ ጋኑም ገና አሁን ይከፈታል።