ጨርቁ ሲተርፍ ሠሪው ለምን ተረሳ?

የታሪክ ምስክር ሆነው ከትውልድ ወደ ትውልድ ከሚተላለፉት ነገሮች ሁሉ እንደ ጨርቅ ቶሎ የሚጠፋ የለም። ድንጋይ የሺህ ዓመት ዝናብ ይታገሣል፤ ብራናም በማኅደሩ ተከቶ ብዙ ዘመን ይቆያል። ጨርቅ ግን ብል ይበላዋል፤ እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ባለቤቱም ራሱ ለብሶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አንዲት የጥንት ጨርቅ ቁራጭ በተገኘች ጊዜ፣ መጠኗ ምንም ያህል ቢያንስ፣ በጥንቃቄ ልንመረምራት ይገባናል።

በአገራችን ከታወቁት የጥንት ጨርቆች መካከል በትግራይ ከደብረ ዳሞ ገዳም የተገኙት ቁርጥራጮች አሉ። ደብረ ዳሞ በ6ኛው መቶ ዓመት ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አረጋዊ እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ በገመድ ካልሆነ በቀር የማይወጣበት አምባ ነው። እንግሊዛዊው የሕንፃ ባለሙያ ዴሪክ ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ1948 ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያን አድሶታል፤ ከኢጣሊያዊው ተመራማሪ ከአንቶኒዮ ሞርዲኒ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ገዳሙ ሰፊ ጥናት አሳትሟል። በዚያ አምባ ከ100 የሚበልጡ የኩሻን የወርቅ ገንዘቦች እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኝተዋል፤ ከግብጽ የመጡ የቅብጥና የዓረብ ጨርቆች ቁርጥራጮችም እንዲሁ። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። የአዱሊስ ወደብ አገራችንን ከግብጽና ከሕንድ ጋር ያገናኝ ነበርና፤ ጳጳሳትም ለብዙ መቶ ዓመታት ከእስክንድርያ ይመጡ ነበርና።

የቅብጥ ሸማኔዎች እንዲህ ያለውን ጨርቅ እንዴት ይሠሩት እንደ ነበር ባጭሩ እንግለጽ። መደቡን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ከተልባ እግር ክር ነው። ጌጡን ግን ከበግ ጠጉር ያደርጉታል፤ የተልባ እግር ቀለምን በቀላሉ አይቀበልም፣ የበግ ጠጉር ግን ይጠጣዋልና። ጠጉሩ ታጥቦና ተባዝቶ በእንዝርት ከተፈተለ በኋላ፣ ቀለሙ እንዲይዝ ሸብ በተባለው ማዕድን ይዘፈዘፋል። ቀዩ ቀለም ከተክል ሥር፣ ሰማያዊውና ቢጫው ከቅጠል ይገኛሉ። ከዚያም ሸማኔው በድሩ ላይ ባለ ቀለሙን ማግ ከዳር እስከ ዳር ሳይወረውር፣ ሥዕሉ በሚፈልገው ስፍራ ላይ ብቻ እያመላለሰና እየጠቀጠቀ ድሩን ይሸፍነዋል። የዓይንን ቅንድብ ወይም የአበባን ዘንግ ለማውጣት ደግሞ አንድ ቀጭን ነጭ ክር ለብቻው እያዞረ ይስላል። ስለዚህ ለተመልካች በመርፌ የተጠለፈ የሚመስለው ጌጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ ገና በሽመና ላይ ሳለ አብሮ የተሠራ ነው። በእኛም ቋንቋ ጥለት ከጥልፍ የሚለየው በዚሁ ነው፤ ጥለት የሸማኔ ሥራ ሲሆን ጥልፍ የመርፌ ሥራ ነውና።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ድካም ባለቤት ማን ነበር? በእስልምና ዘመን በግብጽ ጢራዝ የተባለው ጨርቅ ይሠራ ነበር። በጠርዙም ላይ የኸሊፋው ስም፣ ለእርሱ የሚደረገው ምርቃት፣ አንዳንድ ጊዜም የተሠራበት ከተማና ዓመት ይጻፍ ነበር። የሸማኔው ስም ግን አይጻፍም ማለት ይቻላል። ሸማኔው የገዥውን ስም ፊደል በፊደል ሲሠራ ውሎ የራሱን ሳያኖር ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ይህን የባዕድ አገር ነገር ነው ብለን ልናልፈው አንችልም። በመንዝ ሴቶች የበግ ጠጉር እየፈተሉ ወንዶች ባና ሲሠሩ፣ በሌላውም ስፍራ ሸማኔው ጥለት ሲጥል፣ ልብሱ ሲመሰገን ሠሪው ግን ሲሰደብ ኖሯል። ነውሩም እጅግ ስለ በዛ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ።

በእኛም በቸሃ ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። የጉራጌን ቤት ያየ ሰው ሁሉ ስለ ምሰሶው ቀጥነትና ስለ ጣሪያው ውበት ይናገራል። ነገር ግን ያን ምሰሶ ቆርጦ የሚያቆመው ፉጋ ተብሎ የሚጠራው እንጨት ሠሪ፣ እጁ የነካው ምድር ፍሬውን ያጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ እንሰት እንዳይተክል ይከለከል ነበር። በቸሃ የተቀመጠው አሜሪካዊ ሊቅ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ስለ ጉራጌ በተጻፈው መጽሐፉ ይህን ሁኔታ አስረድቷል። የሴቶቻችንም ሥራ እንዲሁ ነው። እንሰቱን ፍቀው ምግቡን ካወጡ በኋላ የሚቀረው ቃጫ ገመድ ሆኖ ቤትንና ሸክምን ያስራል፤ ማን እንደ ፋቀው ግን የጠየቀ የለም። ከደብረ ዳሞው ጨርቅ ሸማኔ ጋር የሚያመሳስላቸውም ይህ ነው፤ ሥራቸው በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ስማቸው ጠፍቷል።

የግብጹን ሸማኔ ስም ዛሬ ልናገኘው አንችልም። በቸሃና በመላው ጉራጌ የሚገኙትን የጥንት ዕቃዎች ሠሪዎች ግን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገና በሕይወት አሉ። ስለዚህ በየወረዳው የቅርስ መዝገብ የሚይዙ ባልደረቦቻችን፣ መምህራንና ተማሪዎችም፣ አንድ ዕቃ በሚመዘግቡበት ጊዜ የባለቤቱን ስምና የዕቃውን ዕድሜ ጽፈው እንዳያበቁ እናሳስባለን። ማን ፈተለው? ማን ሠራው? ከየትኛው መንደር ነበረ? ሙያውንስ ከማን ተማረ? ብለው ይጠይቁ። ሠሪው በዘመኑ የተናቀ ቢሆን እንኳ ስሙን በሙሉ ይጻፉት። ይህ ሥራ አንድ ተጨማሪ መስመርና ጥቂት ትዕግሥት እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም፤ የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይገኝም።