በዓልና ነጻነት በግሪክ ምድር

በግሪክ ምድር ብሔራዊው በዓልና የቤተ ክርስቲያን በዓል በአንድ ቀን ተደርበው ሲከበሩ ይታያል። ሕዝቡ በኦቶማን ቱርኮች አገዛዝ ሥር በኖረባቸው ዘመናት ቋንቋውንና ማንነቱን ጠብቀው ካቆዩለት ተቋማት አንዷ ቤተ ክርስቲያኑ ነበረች። ስለዚህም ነጻነቱን ሲያስብ እመቤታችንን፥ እመቤታችንን ሲያከብርም ነጻነቱን ማንሣት ልማዱ ሆኖአል። ለዚህም ሦስት በዓላት ምስክር ናቸው። ቀኖቹና ዘመናቱ ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ማርች 25 ቀን በዓለ ብሥራት ነው። በ1821 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት የፓትራ ሊቀ ጳጳስ ጌርማኖስ በካላቭሪታ አቅራቢያ በሚገኘው በአጊያ ላቭራ ገዳም የዐመፁን ሰንደቅ ዓላማ ባርከው አርበኞቹን እንዳስማሉ በትውፊት ይነገራል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ትረካ በጥርጣሬ ይመለከቱታል። በዘመኑ ይሠራበት በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር አሌክሳንድሮስ ኢፕሲላንዲስ የፕሩትን ወንዝ ተሻግሮ ትግሉን ያወጀው በፌብሩዋሪ ወር ሲሆን፥ የካላማታ ከተማም ማርች 23 ቀን በአርበኞች እጅ ገብታ ነበር። ጌርማኖስ ራሳቸው በጻፉት ማስታወሻ ውስጥ እንኳ ስለ ገዳሙ ሥነ ሥርዓት የተነሣ ነገር የለም። ትረካው በአውሮፓ የተሰራጨው ፈረንሳዊው ፑክቪል በ1824 ዓ.ም. ባሳተመው የታሪክ መጽሐፍ ነው። ሠዓሊው ቴዎዶሮስ ቭሪዛኪስም በ1865 ዓ.ም. ጳጳሱ ሰንደቁን ሲባርኩ የሚያሳይ ሥዕል ሥሎ ትዕይንቱን በሕዝቡ ልቡና ውስጥ አተመው።

ቀኑ ብሔራዊ በዓል ሆኖ የታወጀው በ1838 ዓ.ም. ነው። ዐዋጁን ያወጣው የባቫርያ ተወላጅና የካቶሊክ እምነት ተከታይ የነበረው ንጉሥ ኦቶን ሲሆን፥ በዓለ ብሥራት የነበረው ዕለት የነጻነት ትግል መጀመሪያም ሆኖ እንዲታሰብ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሰልፉና ቅዳሴው አብረው ይሄዳሉ። በዓሉ በዐቢይ ጾም ውስጥ ቢውልም ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዕለቱ ዓሣ ስለምትፈቅድ፥ በየቤቱ በጨው የደረቀ የባሕር ዓሣ ተጠብሶ ከነጭ ሽንኩርት ማባያ ጋር ይቀርባል። የግሪክ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ሲቀበል ቤተ ክርስቲያኒቱም በ1924 ዓ.ም. የማይዘዋወሩ በዓሎቿን ወደ አዲሱ አቆጣጠር አዛወረች፤ ፋሲካን ግን በጥንቱ ስሌት እንደ ያዘች ቀረች። በቀድሞው አቆጣጠር ማርች 25 የሚባለው ዕለት በእኛ ዘንድ የጌታ ጽንሰት የሚታሰብበት መጋቢት 29 ነው።

ሁለተኛው በዓል ኦገስት 15 ቀን የሚከበረው የእመቤታችን የዕረፍት በዓል ነው። የነጻነቱ ጦርነት ገና ሳያበቃ በ1823 ዓ.ም. በቲኖስ ደሴት ከምድር ተቆፍራ የወጣች የእመቤታችን ሥዕል ስለ ነበረች፥ ምእመናን በየዓመቱ በዚህ ዕለት ወደ ደሴቲቱ ይጎርፋሉ። በ1940 ዓ.ም. በዓሉን ለማክበር ወደቡ ላይ ቆማ የነበረችውን «ኤልሊ» የተባለች የግሪክ የጦር መርከብ አንድ የኢጣልያ ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ መትቶ አሰጠማት። ዘጠኝ ባሕርተኞች ሞቱ። መንግሥት ጦርነቱን ለማራቅ ሲል አጥቂው ማን እንደ ሆነ አልታወቀም ብሎ ቢያስታውቅም፥ በበዓሉ ዕለት የተፈጸመው ይህ ድፍረት የሕዝቡን ቁጣ ቀሰቀሰ።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፥ ኦክቶበር 28 ቀን ሊነጋጋ ሲል፥ ከአምስት ዓመት በፊት ኢትዮጵያን የወረረው የሙሶሊኒ መንግሥት የኢጣልያ ጦር ወደ ግሪክ እንዲገባ ይፈቀድለት ዘንድ በአምባሳደሩ በኩል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አቀረበ። አገሪቱን በአምባገነንነት ይገዛ የነበረው ኢዮአኒስ ሜታክሳስ በፈረንሳይኛ የሰጠው መልስ «እንግዲያውስ ጦርነት ነው» የሚል ነበር። ሕዝቡ ግን መልሱን «ኦኺ»፥ ማለትም «እምቢ» በሚል በአንድ ቃል ጠቅልሎ የራሱ አደረገው። ወራሪው ጦር ወደ አልባንያ ተመልሶ ተገፋ፤ በ1941 ዓ.ም. ግን ጀርመን ጣልቃ ገብቶ አገሪቱ በጠላት ተያዘች። ከነጻነት በኋላ ዕለቱ ከ1944 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ ተከበረ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ኦክቶበር 1 ቀን ታከብረው የነበረውን የእመቤታችንን የከለላ በዓል ወደዚሁ ቀን አዛወረችው። በ1838 መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያን በዓል እንደ መጣ ሁሉ፥ በዚህ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሕዝቡ በዓል መጣች።

በመዝገብ ፊት የአጊያ ላቭራው መሐላ አይጸናም፤ «ኦኺ» የተባለውም ቃል ከሜታክሳስ አንደበት እንደዚያው ሆኖ አልወጣም። ይህን መናገር የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው። ይሁንና በዓል ራሱን የቻለ ሰነድ ነው፤ ሕዝቡ የትኛውን ቀን ለልጆቹ ሊያወርስ እንደ ወደደ ይመሰክራል። ግሪኮች ከሁለቱ ጦርነቶቻቸው ለብሔራዊ በዓልነት የመረጡት የድሉን ቀን ሳይሆን ትግሉ የተጀመረበትን ቀን ነው። የሚያከብሩት እምቢ ያሉበትን ሰዓት ነው።