የብልጭታ ሚዛን

ቴዎዶር ሜይማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ፣ በካሊፎርኒያ ማሊቡ በሚገኘው በሂዩዝ ቤተ ሙከራ፣ ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እንደ ጥምጥም በተጠመዘዘ አምፖል ከተከበበ የሩቢ ዘንግ የመጀመሪያውን ሌዘር ባፈለቀ ጊዜ፣ ያ ብርሃን ለቅጽበት በርቶ የሚሰወር ብልጭታ ነበርና፣ ኃይሉን በወጉ የሚሰፍር መሣሪያ ስላልተደራጀ፣ ሊቃውንቱ ስንት የጂሌት ምላጭ እንደሚበሳ እየቈጠሩ ብርታቱን «በጂሌት» ይናገሩ ነበር፤ ቀልድም አልጠፋበትም። ነገር ግን የተበሳ ምላጭ፣ የዛሬው ብልጭታ ከትናንቱ በጥቂት መድከሙን ከቶ አይመሰክርም። ስለዚህም ብርሃኑን ውጦ በሙቀቱ መጨመር ጉልበቱን በጁል የሚያስታውቀው ካሎሪሜትር ተተካ፤ ቈይቶም ከጨረሩ ጥቂቱ በመስተዋት ተከፍሎ ወደ ሁለተኛ መለኪያ እየተላከ፣ እያንዳንዱ ብልጭታ ከቀዳሚው ጋር ይነጻጸር ጀመር፤ አምፖሉ ሲያረጅ፣ ዘንጉም ሲግል፣ ጉልበቱ ይዋዥቃልና።