ፊደል መንቀሳቀስ የጀመረው ሠርግ ላይ ነው

ስለ አዳማ የአኒሜሽንና የሞሽን ግራፊክስ ሥራ አጀማመር የሚጠይቁኝ ልጆች ከቴሌቪዥን እንድነሳላቸው ይጠብቃሉ። እኔ የምነሳው ከሠርግ ቪዲዮ ነው። ቴሌቪዥን ወደ ከተማችን መጥቶ ባለሙያ ሲፈልግ፣ ፊደልን ስክሪን ላይ ማስኬድ የሚችሉትን ያገኛቸው ሙሽራ ሲቀርጹ በኖሩ ቪዲዮ ቤቶች ውስጥ ነው። ቪዲዮ ቤቶቹ ደግሞ ስለ ፊደል የሚያውቁትን የወሰዱት ከታፔላ ሰዓሊዎች ነበር። በሦስቱም ደጅ ስላለፍኩ ነገሩን በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የማስታውሰው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ የከተማዋ ይፋ ስም ገና ናዝሬት ሳለ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ከነበሩ አንድ ሰዓሊ ዘንድ ብሩሽ አጣቢ ሆንኩ። ጋሼ የሥጋ ቤት በሬ፣ የፀጉር ቤት ጭንቅላት፣ የጭማቂ ቤት ማንጎ ይሥላሉ፤ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የኋላ መዝጊያ ላይም ሾፌሩ የወደደውን ቃል ይጽፋሉ። እኔ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍጋለሁ፣ በኖራ የተነከረ ሲባጎ ወጥሬ መስመር አስመታለሁ። ሥዕሉን ማንም ያደንቀዋል፤ ጋሼ ግን ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከፊደሉ ነበር።

ፊደሉ ላይ ደግሞ አዲስ ጣጣ መጥቶ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ በይፋ በቁቤ መጻፍ ሲጀምር፣ በእኛ ከተማ አንድ ታፔላ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን መሸከም ነበረበት። ቁቤ አናባቢው ሲረዝም ይደግማል፣ ተነባቢው ሲጠብቅም ይደግማል፤ ስለዚህ ወደ ጎን ይሄዳል። የእኛ ፊደል አናባቢውን በጉያው ይዞ አጥሮ ይቆማል፤ ስፋት ሳይሆን ቁመት ነው የሚፈልገው። ሁለቱን እኩል መጠን ከሰጠሃቸው አንዱ ጌታ ሌላው ሎሌ ይመስላል፤ ባለ ሱቁም ጎረቤቱም ይህን ወዲያው ያዩታል፤ ከዚያ የሚመጣው ጭቅጭቅ የቀለም ጭቅጭቅ አይደለም። ጋሼ ረጅሙን አስቀድመው ይለኩና አጭሩን በቁመትና በውፍረት ይክሱት ነበር። ዛሬ አዳማ ውስጥ ስክሪን ግርጌ ላይ ስምና ማዕረግ የሚሠራ ልጅ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሚሠራው በዚህ ልኬት ነው።

ሠርግ ቀራጮቹ ወደ ጋሼ የሚመጡት በጥር ነው። የዚያ ዘመን የቪኤችኤስ ካሜራ ስም መጻፊያ ቢኖረው እንኳ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነበር። የሙሽሮቹ ስም በአማርኛ እንዲወጣ ከተፈለገ ጋሼ በሰማያዊ ከፋይ ላይ በወርቃማ ቀለም ይጽፉታል፣ ቀራጩም ግድግዳ ላይ አቁሞ በዙም እየቀረበ ያነሳዋል። የመጀመሪያው እንቅስቃሴያችን ይኸው ነው፤ የሚሄደው ካሜራው ሲሆን ለተመልካች ግን ስሙ የመጣ ይመስለዋል። የሚዜዎች ዝርዝር ሲሆን ረጅም ወረቀት ላይ ተጽፎ ቱቦ ላይ ይጠቀለላል፣ አንድ ረዳት ቀስ እያለ ያዞረዋል፣ ስሞቹ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ያ ረዳት ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። እጅ ከፈጠነ የሙሽራው አጎት ስም ሳይነበብ ያልፋል፤ አጎት ደግሞ ይቀየማል።

ይህ የድሃ ብልሃት ብቻ አይደለም። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሲጀምር፣ ርዕስን በእጅ ጽፎ በካሜራ ማንሳት የዓለም ሁሉ ጣቢያዎች ልማድ ነበር። የሙያውን የእንግሊዝኛ ስም ለድርጅቱ መጠሪያ ያደረገው አሜሪካዊው ጆን ዊትኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሞሽን ግራፊክስ ኢንኮርፖሬትድ ሲል የሰየመውን ኩባንያ አቋቁሞ ይሠራበት የነበረው ማሽን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ማነጣጠሪያ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም በሂችኮክ ቨርቲጎ ፊልም መክፈቻ ላይ የሚሽከረከሩትን ጠመዝማዛ ቅርጾች ያወጣው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነበር። ይህን ከብዙ ዓመት በኋላ ሳነብ የእኛ ቱቦ ትዝ አለኝ፤ ያን ያህልም አላፈርኩ።

ኮምፒውተር ወደ ቪዲዮ ቤት የገባው በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ጋሼ ሥራ የቀነሰባቸው፣ እኔም የተለየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ፍራንኮ ሰፈር አንድ ቪዲዮ ቤት ኤዲተር ሆኜ ገባሁ። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ሁሉን ይችላል፤ ስም ያሽከረክራል፣ ያበራል፣ ያፈነዳል። አማርኛ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ እኛ እጅ ያለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ያን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶበታል። እስከዚያ ድረስ የምንጽፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። እነዚህ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቤት ውስጥ ያከራዩት ነበሩ፤ ፎንቱ ከሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ የሙሽሪት ስም የቅንፍና የጥያቄ ምልክት ክምር ይሆናል። ከ33 የማያንሱ ዋና ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ አላቸው፤ 231 ይሆናል፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። የድሮው የፎንት ሠንጠረዥ በጠቅላላው 256 ቦታ ነው ያለው፤ ከዚያም ብዙው ተይዟል። ስለዚህ አንዳንዱ ፎንት ፊደሉን ከሁለት ቁራጭ ይገጣጥመው ነበር፤ ግንዱ አንድ፣ የአናባቢው ምልክት ሌላ።

ወረቀት ላይ ይህ አይታወቅም። አኒሜሽን ላይ ግን ጉዱ ይወጣል። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከግራ በርረው እንዲገቡ ስታዝ የ«ሙ» ግንድ ቀድሞ ገብቶ ይቆማል፣ እግሩ ላይ ያለው ጭረት ከኋላው ብቻውን እየበረረ ይደርሳል። አንዳንድ ደንበኛ ይህን ሆን ተብሎ የተሠራ ጥበብ መስሎት ወዶታል። እኛ ግን መውጫ አበጀን፦ ስሙን በኮረል ድሮው ወይም በፎቶሾፕ ጽፈን ወደ ሥዕል እንለውጠዋለን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል ቆራርጠን ለየብቻው እናንቀሳቅሰዋለን። አንድ ስም ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይህን ልፋት የማያውቅ ትውልድ አሁን አማርኛውን ቀጥታ አፍተር ኢፌክትስ ላይ ይተይባል፤ ቅናት ባይሆንብኝ ደስ ይለኛል።

መብራቱ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። የእኛ የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል ነው፤ 30 ሰከንድ ማስታወቂያ ማለት ኮምፒውተሩ 750 ምስል አንድ በአንድ ሠርቶ ማውጣት አለበት። በአንድ ፋይል እንዲያወጣ ካዘዝከውና መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሌሊቱን ሙሉ የተሠራው ይበላሻል። በ2001 ክረምት መብራት በፈረቃ ሲሆን ሁላችንም እያንዳንዱን ምስል ለየብቻው ወደማስቀመጥ ዞርን፤ መብራት ሲመለስ ከቆመበት ቁጥር ይቀጥላል። በኋላ ይህ የትልልቅ ስቱዲዮዎችም አሠራር እንደሆነ ሰማሁ። የንፋስ ተርባይኖቹ ከአዳማ ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ መሽከርከር የጀመሩት በ2004 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተርባይን የሌለበት የአዳማ ማስታወቂያ ሠርቼ አላውቅም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ደንበኛው ሆቴልም ይሁን የግል ኮሌጅ መክፈቻው ላይ ሦስት ክንፍ ይፈልጋል፤ በ2007 የፍጥነት መንገዱ ሲከፈት እሱም ተጨመረ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ስመጣ፣ ነገሩ የፖለቲካ ልጅ ነው። የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ በ1992 ወደ አዳማ እንዲዛወር ሲወሰን ከተማዋ የጥንት ስሟን መለሰች፤ በ1997 መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የክልሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ዛሬ ኦቢኤን የምንለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዳማ ሆነ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ ከተማ በየቀኑ መክፈቻ፣ የዜና ግራፊክስ፣ የፕሮግራም ርዕስ የሚፈልግ ተቋም ሲኖር ምን እንደሚያመጣ ለመረዳት ቪዲዮ ቤቶቹን ማየት ይበቃል። ጥር ላይ ሠርጉን፣ ከፋሲካ በኋላም ሠርጉን የሚጠብቅ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አገኘ። የአፋን ኦሮሞ ሙዚቃ ክሊፕ በተለይ ለኢሬቻ ሰሞን ሲጎርፍ የዘፋኙን ስም የሚያንቀሳቅሱት እነዚሁ ልጆች ናቸው። የኦዳን ዛፍ ከአንድ ፍሬ ተነስቶ እስኪያጠላ ድረስ በአምስት ሰከንድ ማሳደግ የማይችል ኤዲተር አዳማ ውስጥ አይቀጠርም።

ትልቁ ገንዘብ ግን ቢራ ነበር። ሄኒከን በደሌንና ሐረርን በ2003 ከገዛ በኋላ፣ ዋልያም ሲመጣ፣ የቢራ ፋብሪካዎች ፉክክር የማስታወቂያውን ገበያ ወደ ላይ ተኮሰው። ዋናው ሥራ አዲስ አበባ ላይ ይቀራል፤ ፍርፋሪው ግን በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ኮንሰርትና ባዛር በኩል እኛ ጋ ይደርስ ነበር። የሚወርድ ጠብታ፣ የሚነሳ አረፋ፣ የሚፈነጥቅ ክዳን መሥራት የተማርነው በዚያ ገንዘብ ነው። በ2011 የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ ሲያወርድ፣ አረፋ መሥራት የሚችሉት ልጆች የታሸገ ውኃ ጠብታ ወደመሥራት ዞሩ። ሕጉን አልነቅፍም፤ ልጆች ያሉበት ቤት ነው የምኖረው። ክፍያው ግን እኩል አልነበረም።

ማስታወቂያ ያልሆነ አኒሜሽን በዚህ አገር የት አለ ለሚለኝ አዲስ አበባን አሳየዋለሁ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በአሻንጉሊት ቀጭኔ ጀምራ፣ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» ወደተባለው አኒሜሽን ተሻገረች። ከአገር ውጭ ደግሞ ኒውዮርክ የሚኖረው ዕዝራ ውቤ አንድ ሸራ ላይ እየሣለ፣ እያነሳ፣ ያንኑ እየደለዘ እንደገና እየሣለ የሚሠራ ሰው ነው፤ «ሒሳብ» በሚለው ሥራው ታክሲ የተሳፈሩትን የአህያ፣ የፍየልና የውሻ ተረት አንቀሳቅሷል። ጋሼ ቢያዩት ቀለሙ ሳይደርቅ ላዩ ላይ መሣሉን ይቆጡ ነበር ብዬ አስባለሁ። የእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ ገና አላወጣችም። ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም፤ ለወራት የሚከፍል የለም፤ አዳማ ላይ ደንበኛ ሁሉ ለነገ ነው የሚፈልገው።

አሁን ይህን ታሪክ ማስረጃ አስይዤ ልጽፈው ስፈልግ የገጠመኝ ችግር አለ። የዘጠናዎቹና የሁለት ሺዎቹ መክፈቻዎችና ማስታወቂያዎች ፕሮጀክት ፋይል የለም። ሃርድ ዲስክ ውድ ስለነበር ሥራው ሲረከብ ዲስኩ ይጠፋና ለሚቀጥለው ይለቀቃል። የተረፉት የሠርግ ካሴቶች ናቸው፤ ቤተሰብ አይጥላቸውም፣ ማጫወቻው ከተበላሸ በኋላም ቁምሳጥን ላይ ይኖራሉ። ስለዚህ ቪኤችኤስን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ወዳጄ ዘንድ እየሄድኩ የጋሼን ሰማያዊ ከፋይ እፈልጋለሁ። ሰዎች ካሴቱን ሲሰጡት የሚያዙት ተመሳሳይ ነው፦ ጽሑፉን ዝለልና ሙሽሪት ስትገባ ጀምርልን። እሱ ግን ለእኔ ሲል ጽሑፉን ለብቻው ይገለብጥልኛል፤ ለዚያም ያስከፍለኛል።