የሼርሎክ ሆምስ ተደራሲያን ክርክር፦ ከመጽሔት እስከ ቴሌቪዥን

የአንድን ልብወለድ ታሪክ ስናጠና ደራሲውንና ድርሰቱን እንመረምራለን፤ ተደራሲያን እርስ በርሳቸው የሚከራከሩትን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተራ ወሬ ቆጥረን እናልፈዋለን። ቢቢሲ ከ2010 እስከ 2017 «ሼርሎክ» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ሲያሳይ ተመልካቾች ያደርጉት የነበረውን ክርክር እኔም መጀመሪያ የተመለከትሁት በዚሁ ዓይን ነበር። ድራማውን ከአርተር ኮናን ዶይል ድርሰቶች ጋር ሳስተያይ ግን ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ የንባብ ልማድ ቅጥያ መሆኑን ተረዳሁ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረውም ይህንኑ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

መርማሪው ሼርሎክ ሆምስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንባቢ የቀረበው በ1887 ነው። ዝናው የገነነው ግን «ስትራንድ» የተባለው የለንደን ወርኃዊ መጽሔት ከ1891 ጀምሮ አጫጭር ታሪኮቹን ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ነው። ታሪካዊ ልብወለዶችን መጻፍ ይመርጥ የነበረው ኮናን ዶይል በገጸባሕርዩ ተሰላችቶ በዲሴምበር 1893 ስዊዘርላንድ ውስጥ ከሚገኝ ፏፏቴ ጥሎ ገደለው። አንባቢያን ቅር ተሰኙ፤ እንዲመለስም ወተወቱ። በ1903 ደራሲው ሆምስን መለሰው፤ ለካስ ከፏፏቴው ጨርሶ አልወደቀም ነበር! ለመመለሱ የአሳታሚዎች ገንዘብ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው አይካድም፤ ነገር ግን አሳታሚው ገንዘቡን እንዲያወጣ ያደረገው የአንባቢው ፍላጎት ነው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ መልክ ያዘ። በ1911 ሮናልድ ኖክስ በኦክስፎርድ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሐያስያን ይጠቀሙበት በነበረው ዘዴ እየቀለደ የሆምስን ታሪኮች መረመረ። ቀልዱ ግን ውሎ አድሮ የምር ልማድ ሆነ። በ1934 በኒውዮርክም በለንደንም የሆምስ አንባቢያን ማኅበራት ተቋቋሙ። ካከራከሯቸው ነጥቦች አንዱ ተራኪው ዶክተር ዋትሰን በአፍጋኒስታን ጦርነት የደረሰበት ቁስል ነው። በ1887ቱ ልብወለድ ጥይት የመታው ትከሻውን ነው፤ በ1890 በወጣው ግን እግሩን ነው። ደራሲው ዘንግቶት ይሆናል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አንባቢያኑ ግን «አንድም፣ አንድም» እንደሚል የትርጓሜ መምህር ሁለቱን ቃል ለማስታረቅ ደከሙ።

የቴሌቪዥኑ ድራማ ፈጣሪዎች ስቲቨን ሞፋትና ማርክ ጌቲስ ራሳቸው የሆምስ አፍቃሪዎች ናቸው። ስለዚህ ታሪኩን ወደ ዘመናዊቷ ለንደን ሲያመጡ ክርክሩንም አብረው አመጡት። የእነርሱ ዋትሰንም ከአፍጋኒስታን ተመላሽ ነው፤ ያነክሳል። የቆሰለው ግን ትከሻው ላይ ነው፤ የሚያነክሰው አእምሮው ስለታወከ እንጂ እግሩ ስለተጎዳ አይደለም። የቆየው የአንባቢያን እንቆቅልሽ በዚህ ዓይነት የገጸባሕርይ መሳያ ሆነ።

ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ግን የሞቱ ጉዳይ ነው። በጃንዋሪ 2012 በታየው ክፍል ሼርሎክ ከአንድ የለንደን ሆስፒታል ጣሪያ ላይ ይዘላል፤ ይቀበራል፤ መጨረሻ ላይ ግን በሕይወት ቆሞ ይታያል። ተመልካቾች እንዴት እንደዳነ ለማወቅ ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ትዕይንት እየመረመሩ መላ ምት ሰነዘሩ። በጃንዋሪ 2014 የታየው ክፍል ደግሞ ይህንኑ ክርክር በታሪኩ ውስጥ አስገባው፤ ስለ ሼርሎክ አዳዳን የሚከራከር የአፍቃሪዎች ማኅበር በድራማው ውስጥ ተፈጠረ። ሼርሎክ ራሱ ምስጢሩን ቢያስረዳ እንኳ አድማጩ ይጠራጠረዋል። የፈጣሪው ቃል የመጨረሻ ቃል አለመሆኑን ፈጣሪዎቹ ራሳቸው የመሰከሩ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ይህ የተደራሲ ሥልጣን ገደብ የለውም ማለቴ አይደለም። በጃንዋሪ 2017 የአራተኛው ዙር ሦስተኛና የመጨረሻ ክፍል ሲታይ ፍጻሜው ያላረካቸው አንዳንድ ተመልካቾች፣ የተደበቀ ሌላ ክፍል አለ ብለው ጠበቁ። የጠበቁት አልመጣም። የዋትሰንን ቁስል የመረመሩት አንባቢያን በተጻፈው ላይ ተመሥርተው ነበር፤ እነዚህ ግን ያልተጻፈውን እንደ ማስረጃ ቆጠሩ። እንደ እኔ አመለካከት ኂስን ከምኞት የሚለየው ድንበር እዚህ ላይ ነው። ሆምስ ከፈጣሪው ዕድሜ አልፎ የኖረው ተደራሲው ተከራካሪ ስለሆነ ነው፤ ክርክሩ ራሱ የሚኖረው ግን መርማሪው እንዳስተማረው በማስረጃ እስከጸና ድረስ ነው።